ረሃቧን የወሰደው መርፌ

ይድረስ ባሕር ተሻግረሽ ሻርጃ ላለሽው ለእታለም ሠናይት፤

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገረሽ። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ቆመሽ ስትውዪ ያብጥ የነበረው እግርሽስ? ያ ሰው የሚያቀልጥ ሙቀት በረድ አለላችሁ? ማዳምሽ ደኅና ናት? እጅሽ ላይ ያደጉት ልጆቿስ? ምን ብዬ ጠይቄ እጠግባለሁ! የሚያውቅሽ ሰው ሁሉ፣ ስምሽን ሰምቶ የማያውቅሽም ሳይቀር፣ ሰላም ብሎሻል።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማየም ደኅና ናት። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩልሽ ወደ ታች ስታነቢ ልብሽ እንዳይደነግጥ ነው። ይኸው አጠገቤ ቁጭ ብላ ምስር እየለቀመች፣ ምን ይህን ያህል የሚጻፍ ነገር አለ፣ ደብዳቤ ነው ወይስ ድርሳን እያለች ትነዘንዘኛለች። ስለዚህ አትደንግጪ። መደንገጡን እኔ ጨርሼዋለሁ።

ደብዳቤ መጻፌም አይግረምሽ። ስልኩ እንደምታውቂው ነው፤ ኔትወርኩ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፣ መብራቱ ሲመጣ ኔትወርኩ ይሄዳል። ተገናኘን ስንልም ድምፅሽ እየተቆራረጠ ግማሹን እኔ ከልቤ እሞላዋለሁ። የአሁኑ ነገር ደግሞ በግምት የሚሞላ አይደለም። የእብናቷ ዘነበች ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው ልትመለስ ስለሆነ በእጇ እሰድልሻለሁ። ጀምሬ ቀደድኩት፣ ደግሞ ጀመርኩት። የሰው ልብስ ሳይሰፋ ማሽኑ ላይ ተከምሯል፣ ደንበኞቼ በር ላይ ይጠሩኛል፣ እኔ ደግሞ ሁለት መስመር ጽፌ ተነሥቼ እንጎራደዳለሁ። ፊደሉ ቢንጋደድብሽ ከዚያ ነው።

ባለፈው በላክሽው ድምፅ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ ሠራ ወይ፣ የእማየ ክብደት ቀነሰ ወይ፣ ሌላ ልጨምር ወይ ብለሻል። አጭሩ መልስ ሠርቷል ነው። በእውነት ሠርቷል። ግን ሌላ እንዳትልኪ። ዘነበች ይህን ብቻ ብትነግርሽ ትዝታ አብዳለች ትያለሽ፤ ስለዚህ ከሥሩ ልንገርሽ።

እማየ ምን ሆና እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ግን በፎቶ ማየትና አብሮ መዋል ይለያያል። አባታችን ካረፈ ወዲህ ከቤት መውጣት ተወች፣ ሰውነቷም እየከበደ ሄደ። እንደ አገራችን ልማድ ሰው ሁሉ ያደንቃት ነበር፤ ፊትሽ በራ፣ ልጅሽ አረብ አገር ሆና ጦረችሽ፣ ተመችቶሻል ይላታል። ጉልበቷን ግን አልተመቸውም። ከመቀመጫዋ የምትነሣው ሰው በግራና በቀኝ ይዟት ነበር። ስኳሯን የሚያይላት ልጅ እግሩ ሐኪም፣ ዶክተር ሰሎሞን፣ ክብደት ካልቀነሱ በዱላ የሚሄዱበት ጊዜም ያልፋል ብሏት ነበር። እሷን ግን ከሁሉ ያስለቀሳት ሕመሙ አልነበረም። ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መውጣት አቃታት። ያን ዳገት እኛን አዝላ ስትወጣው የኖረች ሴት፣ ግቢያችን በር ላይ ወንበር አውጥታ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ መስማት ጀመረች። እሑድ እሑድ ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙራ፣ አንገቷን ደፍታ ትቀመጥ ነበር።

ያንን ነው ለአንቺ የነገርኩሽ። አንቺም ማዳምሽ በሳምንት አንድ ቀን ሆዷ ላይ የምትወጋው መርፌ አለ፣ ሰውነቷ እጥፍ ብሎ ቀሚሶቿን ሁሉ አስጠበበች ብለሽ፣ ከፋሲካ በኋላ ዘነበች ስትመጣ አስይዘሽ ላክሽልን። ማዳምሽን ሐኪም አይቷት፣ መርምሯት፣ ማዘዣ ጽፎላት እንደሆነ አንቺው ነግረሽኛል። ለእማየ ያዘዘላት ሐኪም ግን ማን ነው? ያን ጊዜ ይህን የጠየቀ የለም። እኔም ደስታዬ አእምሮዬን ቀድሞት ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ረሳሁት። ከመድኃኒቱ ጋር ያለው ወረቀት በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ነው። ባለቤቴ ዓለምነው መነጽሩን አድርጎ ሲያገላብጠው ቆየና፣ በደንብ የገባኝ ብርድ ቦታ ይቀመጥ የሚለው ነው አለ። እኛ ፍሪጅ የለንም፤ ባለ ሱቁ አዳነ ለስላሳ ከሚያቀዘቅዝበት ፍሪጅ አንድ ጥግ ለመንነው። ከዚያ ወዲህ ለስላሳ ሊገዛ የመጣ ሁሉ የእማየን መድኃኒት እያየ ነው የሚሄደው።

ወጊዋ እኔ ሆንኩ። መርፌ የለመደ እጅ ያለሽ አንቺ ነሽ አሉኝ፤ ሱሪ መስፋትና እናትን መውጋት አንድ ይመስል! እማየ ግን እስክሪብቶ የሚመስለውን ነገር አይታ፣ ይኼም መርፌ ተብሎ ነው ወይ ብላ ሳቀችብኝ። እንግዲህ እኛ ቤት ሁላችንም የገባን መድኃኒቱ ስብ ያቀልጣል የሚል ነው፤ ቅቤ እሳት ሲነካው እንደሚሆነው። እንዴት አድርጎ እንደሚያቀልጠው ያሰበም የጠየቀም የለም። ይህን ልብ በይልኝ፤ የኋላው ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ አካባቢ አቅለሸለሻት፤ ቅባት ሲሸታት ፊቷን ታዞር ነበር። ከዚያ ለመደችውና ቀስ በቀስ መቀነስ ጀመረች። እኔ ሚዛን አያስፈልገኝም፤ ቀሚሷን የምሰፋው እኔ ነኝ። ጎኑን አጠበብኩ፣ ደግሞ አጠበብኩ፣ በመጨረሻ ሁሉንም ፈትቼ እንደ አዲስ ሰፋሁት። ሐምሌ ሲጋመስ ያለ ሰው እጅ ተነሣች። ደጅ ወጣች። ጭቃውን በዱላዋ እየወጋች ጎረቤታችን ጌጤ ቤት ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ያን ቀን አንቺን ስመርቅሽ ዋልኩ።

ሰው ግን ያው የእኛ አገር ሰው ነው። ሲወፍሩ ተመቸው ይላል፣ ሲከሱ ምን አገኘው ይላል። ጌጤ አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርታ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ እናትሽን ምን በሽታ ነው የያዛት፣ አትደብቂኝ፣ እኔ እንደሆንኩ ለሰው አላወራም አለችኝ። እሷ ካላወራች የሰፈሩ ወሬ በማን ሊዳረስ ነው! የገሳዩ አጎታችን ይሻውም ከሰው ሰምቶ ድንች በማዳበሪያ ጭኖ መጣ። አመጣጡ የመሰነባበት ነበር፤ ከበር ጀምሮ ፊቱን አጥቁሮ ገባ። እማየ በእግሯ ቆማ ስትቀበለው ደንግጦ፣ ኧረ አንቺስ ኮረዳ ሆነሻል ብሎ ሳቀና ድንቹን አራግፎ ሄደ።

እንግዲህ ፍልሰታ ገባ። የነሐሴን ጾም ታውቂዋለሽ፤ እዚህ ሕፃኑም ይጾመዋል። እማየ ዘንድሮ ሱባኤ እገባለሁ አለች። አባታችን ከሞተ ወዲህ ገብታ አታውቅም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ሴቶቹ ከሚሰነብቱባቸው ዛኒጋባዎች በአንዲቱ ሆና፣ ቅዳሴ እያስቀደሰች፣ ከቅዳሴ በኋላ ቆሎና ውኃ ብቻ እየቀመሰች ጾሙን ልትጨርስ ነው። ዓለምነው ስኳር ያለበት ሰው ይህን ይችላል ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ዳገቱን በእግሯ ልትወጣ ስትነሣ ማን ሆኖ ይከለክላታል? እኔ ብርድ ልብሷን ተሸክሜ ከኋላ፣ እሷ በዱላዋ እያረፈች ከፊት ወጣን። በሩ ላይ ስትደርስ ደረቷን ይዛ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ደጁን ሳመች፣ ራሷም ቀና አለች። እታለም፣ ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ሌላ ቀን አላየሁም። ያን ያደረገው መድኃኒቱ ነው። ዛሬ ስለተናደድኩበት ልካደው ብል ያ ቀን ይታዘበኛል።

ሱባኤው ውስጥ እያለችም ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣሁ፣ ከዛኒጋባው በስተኋላ ነጠላዬን ጋርጄ እወጋት ነበር። በኋለኛው ቅዳሜ ስሄድ ፊቷ በርቶ፣ ዓይኗ ግን ወደ ውስጥ ገብቶ ቆየኝ። ከወጋኋት በኋላ እጄን ያዘችና ምሥጢር ልንገርሽ አለችኝ። ረሃብ ተነሣልኝ አለች።

እማየን ታውቂያታለሽ። ጾም ሲገባ የምትነጫነጨው፣ ገና በጠዋቱ ቅዳሴ መቼ ነው የሚወጣው የምትለው፣ ሆዷ ሲጮህና እኛ ስንስቅባት በነጠላዋ የምትሸፍነው እሷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጾም ከረሃብ ጋር ስትታገል ነው የኖረችው። በጸጥታ የሚጾሙትን ስታይም፣ ለእነሱ ጸጋ ተሰጥቷቸዋል፣ እኔ ሆዳም ሆኜ ተፈጠርኩ ትል ነበር። ዘንድሮ ግን ቆሎው ሲቀርብላት ጥቂት ቆርጠም አድርጋ በቃኝ ትላለች። ቅዳሴው ረዝሞ ሌላው ሲያዛጋ እሷን ምንም አይላትም። እመቤታችን ልመናዬን ሰምታ በስተርጅናዬ ረሃቤን አነሣችልኝ አለችኝ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። መርፌውን ኪሴ ውስጥ ይዤ፣ ሞኟ እኔ፣ የጸጋ ለቅሶ አለቀስኩ።

ለካስ ወሬው ቀደም ብሎ በሱባኤተኞቹ መካከል ወጥቷል። ስለ እማየ፣ እማማ ማሬን ረሃብ አይነካቸውም ተብሏል። ልጅ የቸገራት፣ ባሏ ለሥራ ወጥቶ ድምፁ የጠፋባት፣ ሁሏም እየመጣች በጸሎትዎ ያስቡኝ ትላታለች። እማየ አፈረች እንጂ አልኮራችም። ግን የተሰጠኝን ጸጋ በእህል ልደፍነው አይገባም ብላ ያችኑ ጥቂት ቆሎ ቀነሰቻት። የስኳሩን ክኒን ግን አላቋረጠችም፤ ሐኪም ያዘዘውን መተው ራስን መግደል ነው ብላ በየዕለቱ በውኃ ትውጣለች። አየሽ፣ ሁሉንም ያደረገችው በታዛዥነት ነው፤ አንዱንም በእልህ አላደረገችውም።

በቡሄ ዋዜማ ቅዳሴ ላይ ወደቀች። ላብ አጥምቋት፣ ምላሷ ተሳስሮ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ አገኟት። አንዳንዱ መንፈስ ነው ብሎ ጠበል አምጡ አለ። የንስሐ አባታችን መምሬ ጥበቡ ከውስጥ ሰምተው ወጡና፣ ይህች ሴት ስኳር አለባት፣ ቶሎ ሐኪም ቤት አድርሷት ብለው ጮኹ። እኔ ሰው ሲነግረኝ ሱቄን ክፍት ትቼ፣ የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የሮጥኩት። ሆስፒታል ስደርስ ስኳሯ ክፉኛ ወርዷል አሉኝ። ግሉኮሱ በደም ሥሯ ሲገባ ቀስ ብላ ዓይኗን ገለጠች፤ መጀመሪያ የጠየቀችው ቅዳሴው አለቀ ወይ ብላ ነው።

ዶክተር ሰሎሞን መጥቶ የምትወስደውን ሁሉ ንገሪኝ አለኝ። ክኒኑን ነገርኩት። ሌላስ አለ። መርፌውን አውጥቼ ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና ማን ነው ያዘዘላቸው ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? እኅቴ ልበለው? የእኅቴ ማዳም ልበለው? የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። መድኃኒቱ ይሠራል አለ፤ ክብደት መቀነሱ በብዙ ሰው ላይ ተሞክሮ የታወቀ ነው፣ ስኳር ላለበትም ይጠቅማል፣ እንዲያውም እንደ ልብ የሚገኝ ቢሆን እኔም ለእናትሽ አስብበት ነበር አለ። ነገር ግን ስብ አያቀልጥም። ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያዘገያል፣ ለአእምሮም ጠግበሃል ብሎ ይነግረዋል፤ ሰው የሚቀንሰው ስለማይርበውና ጥቂት ስለሚበላ ነው አለኝ። ስለዚህ ስኳር የሚያወርድ ክኒን ለሚወስድ ሰው ሲታዘዝ ሐኪሙ የክኒኑን መጠን ማስተካከል አለበት፤ ሕመምተኛውም ጥቂትም ቢሆን በሰዓቱ እየበላ፣ እየተመረመረ ነው የሚወስደው። ቆሎና ውኃ እየቀመሱ ሱባኤ ለመግባትማ እንዴት ይሆናል! መርፌው ሲቆምስ ብዬ ጠየቅሁት። ረሃቡ ይመለሳል፣ በብዙው ሰው ላይ ክብደቱም ተከትሎ ይመለሳል አለኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ለካስ ለዚህም ይሆናል።

እኔ የእሱን አፍ ሳይ የእማየን ዓይን ዘንግቼ ነበር። ነቅታ ሁሉንም ሰምታለች። እሱ ሲሄድ ወደ ግድግዳው ዞረች። አጥሚት አመጣሁላት፣ አልነካችውም። ፊቷን ሳታዞር፣ እንግዲያው ረሃቤን የወሰደው መርፌው ነው በይኛ አለችኝ። አዎ አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። አባታችን የሞተ ዕለት እንኳ እንዲያ ስትሆን አላየኋትም።

በፍልሰታ ዋዜማ ከሆስፒታል ስትወጣ ወደ ቤት አልሄድም፣ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን አድርሱኝ አለች። እኔ ለመንኳት፣ ዓለምነው ለመናት፤ እማየን መለመን ድንጋይ መለመን ነው። ባጃጁ እስከሚችለው ወሰደን፣ የቀረውን እኔን ተደግፋ ወጣች። ሴቶቹ ስትመጣ አይተው እልል አሉ፣ ሊስሟትም ተሻሙ። እሷ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻቸው። ከዚያ፣ እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እያልኩ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ያልራበኝ ጸጋ ተሰጥቶኝ አይደለም፣ ልጄ ከአረብ አገር የላከችልኝ የውፍረት መርፌ ነው፣ እኔም አላወቅሁም ነበር፣ በጸሎትዎ ያስቡኝ ያላችሁኝ ሁሉ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ አለች። አንዷ ሳቀች። ሌላዋ ነጠላዋን አስተካክላ ጥላን ሄደች። ጌጤም እዚያው ነበረች፤ መጥታ በሌላው ጎኗ ደገፈቻት። ጌጤን ከእንግዲህ አላማትም፤ ብታማኝም ዝም እላታለሁ።

መምሬ ጥበቡ ሰምተው አስጠሩን። መድኃኒት መውሰድ ነውር የለውም፣ እሱም የእግዚአብሔር ነው አሉ። ሕመምተኛ ጹም አልተባለም፣ ስኳር እንዳለብሽ እያወቅሁ ሱባኤ ግቢ ያልኩሽ እኔ ነኝ ጥፋተኛው አሏት። ጾም ማለት ደግሞ መራብ ብቻ አይደለም ሲሉ እማየ አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸውና፣ አባቴ፣ እናንተ ዜማ አላችሁ፣ ቅዳሴ አላችሁ፣ ሌላው ስግደት አለው አለቻቸው። እኔ ለስግደት ጉልበት የለኝ፣ ፊደል አልቆጠርኩ፤ ለአምላኬ የማቀርበው ረሃቤን ብቻ ነበር አለች። መምሬ መስቀል አሳልመዋት ቆመው ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ መርፌውን አልተወጋችም። የቀረው አሁንም አዳነ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ዶክተር ሰሎሞን ምርጫው የእሳቸው ነው ይላል፤ ከፈለጉ ክኒኑን ቀንሼ፣ በትንሽ መጠን አስጀምሬ፣ በየጊዜው እያየኋቸው፣ ጾሙንም ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው አቅልለው ይቻላል ብሏል። ለጾም እያቆሙ ለፍስክ እየጀመሩ ግን አይሆንም አለ። የእኛ ጾም ደግሞ የዓመቱን እኩሌታ ይበልጣል። እማየ ይህን ስትሰማ እንግዲያው በቃኝ አለች።

እኔን ግን አልበቃኝም! እንቅልፍ የነሣኝ ይኸው ነው። እንቁጣጣሽ ዕለት ትሪው ሲቀርብ ራበኝ አለች፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሏት። ወጥ እየጨመርኩላት ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከመደቡ ስትነሣ ጉልበቷን ይዛ ቃተተች፤ ሰማኋት፣ እንዳልሰማ ሆንኩ። እንደ አዲስ የሰፋሁት ቀሚስ ጎኑ መያዝ ጀምሯል። መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ያን ዳገት ትወጣዋለች ወይስ እንደገና ወንበር ደጅ ልናወጣላት ነው? አንዳንዴ መርፌውን አምጥቼ የስኳር ነው ብዬ ልውጋት እላለሁ። አትደንግጪ፣ አላደርገውም። ግን አስቤዋለሁ፤ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ዓለምነው ተያት፣ እናትሽ ልጅ አይደለችም ይለኛል። ለእሱ አፉ ላይ ቀላል ነው፤ ስትቃትት የሚሰማው ጆሮ የእኔ ነው።

አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትመርጪላታለሽ? እኔ እግሯን እመርጣለሁ። እሷ ረሃቧን መርጣለች። አካሉ የእሷ፣ ነፍሱም የእሷ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ እቀመጣለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ እነሣለሁ። በዚህ ወር መጨረሻ ዶክተሩ ጋር ቀጠሮ አላት። ጉልበት የሚያሠራ ባለሙያ አገናኛችኋለሁ ብሏል፤ እንጀራውንም እየመጠንን፣ በየጠዋቱ እስከ ጌጤ ቤት እያመላለስኳት እንሞክራለን። አዝጋሚ ነው። የቀነሰችው ሁሉ ተመልሶ እንዳይመጣ እሰጋለሁ፤ ቢመጣም እሷ አውቃ የገባችበት ነው። ስለዚህ ሌላ አትላኪ። አንድ ቀን ሐሳቧን ብትለውጥ ዶክተሩ ራሱ ይዘዝላት፤ ከማዳምሽ ቁም ሣጥን የሚመጣ መድኃኒት ግን ከእንግዲህ በዚህ በር አይግባ።

አሁን ደግሞ ስለ አንቺ። ዘነበች ስልክ ላይ የላክሽውን ፎቶ አየነው። ባሕሩ ዳር ቆመሻል። ቆንጆ ነሽ፣ አልዋሽሽም፤ ግን የአንገትሽ አጥንት ወጥቷል። ዘነበችን ምን ሆና ነው ብዬ ስጠይቃት ዓይኗን ሰበረች። ስጨቀጭቃት፣ ማዳምሽ ጀምራ የተወችውን አንቺ አንሥተሽ እንደምትወጊው ነገረችኝ። እንዳትቆጪያት፣ በግድ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ለእማየም አልነገርኳትም። እታለም፣ ለምን? መቼ ወፍራም ነበርሽ? ወይስ በዚያ ቤት ቁጭ ብሎ ለመብላት ፋታ ስለማይሰጡሽ፣ መርፌው ካለ ሆድሽ ስለማይጠይቅሽ ነው? ክፉ አሳቢ ሆኜ ከሆነ ተሳስተሻል በይኝ፤ መሳሳቴን ብሰማ ደስታዬ ነው። እማየ ስትወድቅ መምሬ ነበሩ፣ ባጃጅ ነበረ፣ እኔ ነበርኩ። አንቺ ብትወድቂ በዚያ አገር ማን ይጮህልሻል? ሐኪም አይቶ ያላዘዘልሽን ነገር ሰውነትሽ ውስጥ አታስገቢ። በእማየ ይዤሻለሁ።

ዓለምነው ሰላም ብሎሻል፤ ትናንት ከአንበሳሜ ገበያ ተመልሶ አሁንም እንደተጋደመ ነው። ልጄ ሜሮን ክፍሏን አልፋለች፣ አክስቴን ሳሚልኝ ብላለች። አጎታችን ይሻው ከገሳይ ድንቹ ደርሷል በይልኝ፣ አንቺን የሚያህል ድንች ነው ብሏል። ጌጤ በስምሽ ደጋግማ ጠይቃሻለች፣ አዳነም የፍሪጄን ጥግ መቼ ነው የምታስለቅቁልኝ እያለ ሰላም ይልሻል። መምሬ ጥበቡ በጸሎቴ አስብሻለሁ ብለዋል።

እማየን ምን ልበልልሽ አልኳት። የዚያን ቀን ፎቶሽን ከዘነበች ስልክ ላይ ስታየው ስታየው ቆይታ ነበር ስልኩን የመለሰችው። እንደ ልማዷ ምርቃቱን ታወርደዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ምስሩን አስቀመጠች፣ እጇን ጠረገች። ምርቃቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቂልኝ አለችኝ፤ ልጄን ይርባታል ወይ?

ታናሽሽ ትዝታ

ደብረ ታቦር
መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.